ሁለት ጊዜ የተከፈተው ሣጥን

በርሽ ላይ ቆሜ ነው ስጠራሽ የዋልኩት፣
ስምሽን ለነፋስ አደራ ያልኩት፤

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቶበታል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ይገጥምና በአፍንጫው ያዜመዋል፤ ዜማው አለ፣ ቃሉ የለም። ቁልፍ ሠሪው ይህችን ግማሽ ዘፈን ከማን እንደ ወረሳት አያስታውስም። ምናልባት አባቱ ቁልፍ እየሞረዱ ሲያንጎራጉሯት ሰምቶ ይሆናል፤ ምናልባትም በልጅነቱ አንድ ቀን ከጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳ ስንጥቅ ሾልካ ገብታ ይሆናል። ብቻ እጁ ሥራ ሲይዝ ሳይጠራት ትመጣለች፤ ሥራው ሲያልቅ ሳትሰናበተው ትሄዳለች።

ሱቁ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የተሸጎጠች ናት። የሰፈሩ ቀልደኞች ሁለት ሰው ከገባባት በተራ ነው የሚተነፈሰው ይላሉ። ግድግዳዋ ላይ ገና ጥርስ ያልወጣላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ቁልፎች በምስማር ተሰቅለዋል፤ ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ሁሉም አንድ ላይ ይንሿሿሉ። እሱም ቀና ሳይል ይናገራል፤ ይኼ ጡብ የጫነ ነው፣ ይኼ ባዶውን ነው፣ ይኼኛው ውሃ ይዟል። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ብቅ ብሎ ያይና እንዳለው ሆኖ ሲያገኘው፣ ሰውየው በጆሮው ማየት ጀምሯል እያለ ይስቅበታል። እውነትም ሙያው የጆሮና የጣት ነው። ቀጭን ሽቦውን በቁልፉ ቀዳዳ ሰዶ ያንጎራጉራል፤ ማንጎራጎሩ ከመስማት አያግደውም፣ እንዲያውም የውጩን ጫጫታ የሚሸፍንለት መጋረጃው ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ብረት ከብረት ሲላቀቅ ይሰማዋል።

ሰፈሩ ጋሼ ቁልፌ ይለዋል። አባቱ ሙያውን ሲያስተምሩት ከሽቦው በፊት ያስጨበጡት አንድ ነገር ነበር፤ የሰው ዕቃ ከፍተህ ክዳኑ ሲላቀቅ የአንተ ሥራ አልቋል፣ ውስጡ የባለቤቱ ነው፣ ፊትህን አዙር። አባቱ ካለፉ ሠላሳ ዓመት ቢሞላቸውም እሱ አሁንም ያዞራል። ቁም ሣጥን ሲከፍት ወደ መስኮት፣ መሳቢያ ሲከፍት ወደ ግድግዳ። ባለቤቱ "እይ" ካላለው በቀር አይመለስም። ስለዚህም ነው ባል የሞተባት፣ ደብዳቤ የቆለፈች፣ ልጁ ተጣልታው የሄደችበት፣ ሁሉም ሳያፍር የሚጠራው። ሚስቱ በዚህ ነገር ስትቀልድ፣ የከተማውን ሣጥን ሁሉ ከፍቶ አንድ ወሬ እንኳ ይዞልኝ የማይገባ ባል የተሰጠኝ ምን በድዬ ነው ትላለች። የእኔንም ልብ ከፈተው፣ ከዚያ ፊቱን እንዳዞረ ቀረ ትላለች። እሱ ይስቅና እጁን ሊታጠብ ይሄዳል።

ፖሊስ ጣቢያው እሱን መጥራት ከጀመረ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። የሚጠራው ሁልጊዜ አንድ መርማሪ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ሲያናግር እጁን ትከሻ ላይ ጣል የሚያደርግ ሰው። ለብርበራ በር መክፈት ሲያስፈልግ መኪናዋ ከሱቁ ፊት ትቆማለች፤ ጋሼ ቁልፌ መሣሪያውን በቆዳ ቦርሳው ይዞ ከኋላ ይገባል። ይከፍታል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ሲጨርሱ ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ይመለሳል። ማን ተያዘ፣ ምን ተገኘ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ጫማ ሰፊው ሲጠይቀው እንኳ፣ እኔ በሩን ነው የማውቀው ይላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋ ቆመች። በዚያ ሳምንት የአንድ ነጋዴ ሬሳ ከመጋዘኑ ኋላ ተገኝቶ ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ነጋዴው ከእጁ የማይለየው ወፍራም የብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት ነበረው፤ ሬሳው ላይ ሰዓቱ አልተገኘም ተባለ። የተያዘው በአንድ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ የሚተኩስ ሰው ነው። ከወር በፊት የነጋዴውን ኮት ኮሌታ በካውያ አቃጥሎበት ነጋዴው በሰው ፊት በጥፊ መቶታል፤ ልብስ ተኳሹም ጉንጩን ይዞ "ይቺን አልረሳትም" ብሏል። ያቺን ቃል ላውንደሪው ሙሉ ሰምቷል። ከዚያች ቃል በቀር በፖሊሶቹ እጅ ምንም አልነበረም።

ተኳሹ የሚኖረው በኪራይ፣ በአንዲት ክፍል ነው። አከራይዋ በመለዋወጫ ቁልፍ ከፈተችላቸው፤ ቤቴ የተከበረ ቤት ነበር፣ እሱ እኮ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ውሃ እንኳ ሲቀዳ ባልዲው አይንኳኳም እያለች ታለቅሳለች። ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ በምስማር የተንጠለጠሉ ሁለት ሸሚዞች እንደ መስተዋት የተተኮሱ፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ ክንድ የምታህል የቆርቆሮ ሣጥን። ሣጥኗ ተቆልፋለች። ቁልፏ የተኳሹ እኅት አንገት ላይ እንዳለ መርማሪው ያውቅ ነበር፤ እኅትየዋ በሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት ታጸዳለች። ብርበራ ሁለት ታዛቢ ይፈልጋል። መርማሪው አከራይዋን ከአንድ ፖሊስ ጋር አድርጎ የመንገዱ ማዶ ባለ ሱቅ ይጠራ ብሎ ላካት።

ክፍሏ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። መርማሪው ታዛቢዎቹ መጥተው እንዳይንገላቱ እስኪ ሞክራት፣ የምትከፈት መሆኗን እንወቅ አለው። ጋሼ ቁልፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሣጥኗን ጉልበቱ ላይ አኖራት። ቀላል ነበረች። ዘንበል ሲያደርጋት ወረቀት በወረቀት ላይ ሲንሸራተት ሰማ፤ ደረቅ፣ ለስላሳ፣ ሰው በእንቅልፉ ገለል እንደሚል ዓይነት። ሽቦውን ሰደደ፤ ዘፈኗ መጣች፤ ሦስተኛው ስንኝ ጋ ሳትደርስ ሣጥኗ ተከፈተች። ለመርማሪው አቀበለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው ላይ የዝናብ ውሃ እድፍ ወደ ታች ወርዶ የወንዝ ካርታ ይመስላል። እሱን ሲያይ ቆየ። ከኋላው ክዳኑ ተነሣ፤ ክዳኑ ተመለሰ።

"ጥሩ ነው" አለ መርማሪው። "ክዳኗ ሲጫኑት ራሱ ይቆለፋል፤ እኔ እዘጋታለሁ። ሰዎቹ ሲመጡ ፊት ለፊታቸው ትከፈት፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።"

ሣጥኗን ሳይቆልፋት አልጋው ላይ አኖራት። መርማሪው ትንሽ አየር ልቀበል ብሎ በሩን ገርበብ አደረገ፤ ጋሼ ቁልፌን ደግሞ ከመኪናዋ ወረቀት የያዘውን ሰሌዳ አምጣልኝ አለው። ሄዶ አመጣ፤ ሲመለስ ሣጥኗ ተቆልፋ ጠበቀችው። መኪናዋ ከጥግ በኩል ነበረች፤ ደርሶ መልስ ስንት ይሆናል? አንድ መቶ እርምጃ።

አከራይዋ ባለ ሱቁን ይዛ መጣች። ሁሉም ተደርድረው ቆሙ። ጋሼ ቁልፌ ሣጥኗን እንደገና ጉልበቱ ላይ አወጣት፤ ያን ጊዜ ጣቶቹ ቆሙ። ሣጥኗ ከብዳለች። ብዙ አይደለም፤ አንድ እጅ የሚይዘውን ያህል። ዘንበል ሲያደርጋት ከወረቀቱ ሥር ብረት ተንሸራቶ ከቆርቆሮው ጥግ ጋር ተጋጨ። ቀና ብሎ መርማሪውን አየው። መርማሪው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

እዚህ ላይ ምን አሰበ? በኋላ ራሱን ሺህ ጊዜ ጠይቋል። ምንም አላሰበም። ለመርማሪው ዐሥራ አንድ ዓመት ሲከፍት የኖረ እጅ ሽቦውን ሰደደ፣ ጉሮሮው ዘፈኗን ጀመረ፣ ሣጥኗ ተከፈተች፣ አንገቱ ዞረ። ከኋላው አከራይዋ ደረቷን ስትመታ ሰማ። ባለ ሱቁ በቀስታ፣ የሰውየው ሰዓት እኮ ነው አለ። ወረቀቱ መጣ፤ ፈረመ። መርማሪው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሸኘው።

ያን ቀን ምሳውን ሱቁ ውስጥ ቆሞ በላ። ሌላም ቀን እንዲሁ። ሚስቱ ማታ ገበታ ስታቀርብ ሆዴን ነፋኝ እያለ ይሸሻል፤ ወይ ዳቦውን በእጁ ይዞ መስኮት ጋ ይቆማል። አንተ ሰውዬ ወንበር ተጣላህ ወይ አለችው። ሰዓቱ ከወረቀቶቹ መካከል ተሰክቶ የነበረ ይሆን፣ እኔ ሳላስተውል ቀርቼ ይሆን እያለ ለራሱ ሰበብ ይሠራል፤ ሌሊቱ ሲነጋ ሰበቡ ይፈርሳል። ጣቶቹ ያውቃሉ።

በሦስተኛው ወር እኅትየዋ መጣች። ቀጭን፣ የጽዳት ሽርጧን ሳታወልቅ የመጣች፣ አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የተንጠለጠለች ትንሽ ቁልፍ ያላት ሴት። ሱቁ ፊት ቆማ ሰላምታ ሰጠች፤ ከዚያ የተኳሹ እኅት መሆኗን ነገረችው። ሣጥኗ የአባታቸው ነበረች፤ ውስጧ የአባታቸው ደብዳቤዎችና የእናታቸው አንድ ፎቶግራፍ ነው ያለው። ቁልፏን እሷ የያዘችው ወንድሟ ዕቃ ስለሚጥል ነው። ወንድሜ ሰዓቱን በምን ከፍቶ ከተተው እያለች ጣቢያ ስትመላለስ ከርማ፣ የሚሰማት አጥታ ነው ወደ እሱ የመጣችው። ሣጥኗ ስትከፈት ተቆልፋ እንደ ነበር ብቻ ልትጠይቀው ነው።

ተቆልፋ ነበር አላት። አመሰገነችው። ለመሄድ ዞረች።

"የኔ ልጅ" አላት። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "ሁለቴ ነው የከፈትኳት።"

ቀስ ብላ ተመለሰች። ከዚያ እሱ ሁሉንም ነገራት፤ ወረቀቱን፣ ብረቱን፣ መቶውን እርምጃ። እሷ አላለቀሰችም። የሥራ ጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ እስኪጨርስ ጠበቀች፤ ከጨረሰ በኋላም አልለቀቀችውም። ግድግዳው ላይ ያሉት ቁልፎች መኪና ሲያልፍ ተንሿሹ፤ ምን እንደ ጫነ አልተናገረም።

ለወንድሟ የቆመው ተከላካይ ጠበቃ፣ ፋይሎቹን በላስቲክ ከረጢት ይዞ የሚዞር የደከመ ሰው፣ ወሬውን ሲሰማ ነቃ። የመከላከያ ምስክር አድርጎ አስጠራው። ሱቁ ድረስ መጥቶም አዳመጠው፤ አዳምጦ ሲያበቃ፣ ክዳኑ የተነሣ ጊዜ ታዲያ ሰዓቱ አለመኖሩን አይተሃል አይደል አለው። ፊቴን አዙሬ ነበር አለ ጋሼ ቁልፌ። ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። አየሁ በል አላለውም። "አላየሁም የሚለው ቃል" ብቻ አለ፣ "እዚያ ፍርድ ቤት ውስጥ በጣም ትልቅ ቃል ነው" ብሎ ከረጢቱን ይዞ ወጣ።

ወሬ አይደበቅም። ከቀጠሮው አምስት ቀን ሲቀረው መርማሪው ብቻውን፣ በእግሩ መጣ። የቢሮው መሳቢያ ቁልፍ እንዲቀረጽለት ሰጠው። ቁልፉ እየተሞረደ የልጆቹን ጤና፣ የሚስቱን ወገብ ጠየቀው። ከዚያ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ጋሼ ቁልፌ፣ በዚህ ዐሥራ አንድ ዓመት ስንት ቤት ከፍተሃል አለ። ሁሉም ደግ ሰው ሆኖ ነው እንጂ፣ አንዱ ተነሥቶ ቁልፍ ሠሪው ከገባ ወዲህ ዕቃ ጎድሎኛል ቢል፣ ማነው የሚመሰክርልህ? አዲሱን ቁልፍ በብርሃን አይቶ፣ እጅህ ይባረክ ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ለሚስቱ ነገራት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ዕድሜውን ሙሉ ይዞላት ያልገባውን ወሬ ሁሉ የሚያካክስ ወሬ። ከመርማሪው ይልቅ የጠበቃው መነጽር ገርሟት፣ ስታብሰለስል ቆየችና፦

"አየሁ ብትል ምን ይልሃል?" አለችው። "እነሱ እኮ ያልነበረውን ነበረ ብለዋል። አንተ ያልነበረውን አልነበረም ብትል፣ ይኼ ውሸት ነው?"

"አላየሁትማ።"

"ታውቀዋለህ ግን።"

"አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው አየሁ በላ፣ አንተ ሰው። አንዲት ቃል ናት።"

አንዲት ቃል ናት። እየተኛ፣ እየተነሣ፣ እየሞረደ አምስት ቀን ሙሉ ተሸከማት። በአምስተኛው ቀን ፍርድ ቤት ሲገባ ከምላሱ ሥር ነበረች፤ እንደሚያወጣት አምኖ ነበር።

አዳራሹ ጠባብ ነው፤ መስኮቶቹ ከፍ ያሉ፣ አግዳሚዎቹ በተቀማጭ ብዛት የተወለወሉ። ሦስት ዳኞች። ተኳሹ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆሟል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በእስር ቤት በምን እንደ ተኮሰው አይታወቅም። ጋሼ ቁልፌ ያየው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ክፍሉን፣ ሣጥኑን፣ የአባቱን ደብዳቤ ክብደት ያውቃል፤ ፊቱን አያውቀውም ነበር። እውነት እናገራለሁ ብሎ እጁን አንሥቶ ማለ። ያቺን ቃል ከምላሱ ሥር የሰረቀችው መሐላዋ ናት።

ሁለት ጊዜ መክፈቱን፣ የክብደቱን፣ የድምፁን ነገር ተናገረ። ተኳሹ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠውን ፋይል ያመነ ሰው ነበር። ሣጥኗን ለመክፈት ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ ጠየቀው፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም አለ። እንግዲያው የቁልፏ ባለቤት እኅትየዋ መሆኗ ምንም አያረጋግጥም፣ ቁልፏ ደካማ ናት ማለት ነው አለ ዐቃቤ ሕጉ። ለእኔ ነው ደካማ የሆነችው ሊል ሲል፣ ለተጠየቁት ብቻ ይመልሱ ተባለ። ባለ ሱቁ ቀደም ብሎ ሲመሰክር ቁልፍ ሠሪው እያንጎራጎረ ነበር ብሏል፤ እውነት ነው? እውነት ነው። ያንጎራጉሩ ነበር፣ ሆኖም ወረቀት ሲንሸራተት ይሰሙ ነበር? እሰማለሁ። ከኋላ አግዳሚ አንድ ሰው ሳቀ። ዐቃቤ ሕጉ የብርበራውን ወረቀት አሳየው፤ ፊርማው የእሱ ነው። ወረቀቱ ተቆልፎ የነበረ ሣጥን በታዛቢዎች ፊት በባለሙያ ተከፍቶ ይላል፤ ሁለት ጊዜ የሚል የለበትም። ሲፈርሙ አላነበቡትም?

"አላነበብኩትም።"

"ለምን?"

"የሰው ወረቀት አላነብም" አለ። ሳቁ ከፊት አግዳሚዎችም መጣ።

ጠበቃው የመጨረሻውን ሞከረ። ሣጥኗና ሰዓቱ ኤግዚቢት ሆነው እዚሁ አሉ፤ ምስክሩ ዐይኑን ሸፍኖ በእጁ ይለይ፣ ችሎቱ ራሱ ይይ አለ። ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። የመሀል ዳኛው፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው የማይጎረብጥ ሰው፣ ሣጥኗ ውስጥ የነበሩት ወረቀቶች ወጥተው ከመዝገቡ ጋር መታሰራቸውን አስታወሱ። ወደ ጋሼ ቁልፌ ዞረው፣ ያለ ወረቀቶቹ ቢሆንስ፣ ነገሩ እንደዚያ ቀን ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ነው ቢል ይፈቅዱ ነበር፤ ከፊታቸው ይነበባል። እሱ አሰበ። ደብዳቤዎቹ የሌሉባት ሣጥን ሌላ ሣጥን ናት።

"አይደለም" አለ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "አባቴ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። መጀመሪያ ሲከፈት ሰዓቱ ውስጡ እንዳልነበረ በዐይንዎ አይተዋል?"

እኅትየዋ ከአግዳሚው ጫፍ ግማሽ ተነሥታ ነበር። ጠበቃው ወደ መሬት ያይ ነበር። መርማሪው ከበሩ አጠገብ፣ ጫማው እያበራ፣ በትዕግሥት ቆሟል፤ ምንም ያልፈራ ሰው አቋቋም ነበር። ያ ሰው ከወራት በፊት በዚሁ ሥፍራ እጁን አንሥቶ ምሎ፣ ቁልፍ ሠሪው ታዛቢዎቹ ሳይመጡ ሣጥኗን ጨርሶ አልነካም ብሏል። መሐላው ጉሮሮውን አልነካካውም።

"አላየሁም" አለ ጋሼ ቁልፌ።

ፍርዱ በሦስተኛው ሳምንት ተነበበ። ታዛቢዎቹ ሁለቱም ያዩትን ተናግረዋል፤ አከራይዋም ባለ ሱቁም አልዋሹም፣ የተቆለፈ ሣጥን ሲከፈት፣ ሰዓት ሲወጣ አይተዋል። የመከላከያው ምስክር ግን የሰማውንና የመሰለውን እንጂ ያየውን አላስረዳም። ዐሥራ ስምንት ዓመት። በአንድ ሰው እጅ ውስጥ የነበረች አንዲት ውሸት የሁለት ታማኝ ሰዎችን እውነት ለብሳ፣ በሦስት ጨዋ ዳኞች አልፋ፣ በማኅተም ወጣች። ነጋዴውን ማን እንደ ገደለው ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም፤ መዝገቡ ተዘግቷል።

ኮሪደሩ ላይ እኅትየዋ ወደ እሱ መጣች። ትጮህብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ብትጮህበት ደስም ባለው።

"ጋሼ" አለችው፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብለህ ብታይ ምን ነበረበት?"

ሽርጧን አስተካክላ በደረጃው ወረደች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ አልሆነለትም። አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ ሰፈሩን ግማሹን የተቀበለች ሴት፣ የቁም ሣጥኗ ቁልፍ ተሰብሮባት ጠራችው። ከፈተላት። አንገቱ ሊዞር ሲል በግድ መለሰው፤ አየ። ውስጡ የሕፃን ልብሶች ነበሩ፤ ነጭ፣ በመልክ በመልካቸው የታጠፉ፣ አንዴም ያልተለበሱ። ልጅ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። አዋላጇ ዐይኑን ተከትላ አየችው፤ ከዚያ በሩን በመዳፏ ቀስ ብላ ገፍታ ዘጋችው።

"እርስዎም?" ብቻ አለችው።

ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ለአንዱ ያልደረሰለት ማየት፣ የሌላዋን ገመና ገለጠባት፤ አባቱ የሰጡትም ነገር ከእጁ ወጣ፣ የተካውም የለም።

መኪናዋም አንድ ጠዋት መጥታ ቆመች። መርማሪው ምንም እንዳልተፈጠረ አንድ በር አለ አለው። እጄን አሞኛል አለ ጋሼ ቁልፌ። መርማሪው ከልብ አዝኖለት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው ብሎት ሄደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋ ስትመለስ፣ ከኋላዋ ወንበር የታችኛው መንገድ ቁልፍ ሠሪ ተቀምጦ፣ ቦርሳውን ታቅፎ አለፈ። ግድግዳው ላይ ያሉት ቁልፎች ሁሉ ተንሿሹ።

ወንበርና ገበታ ግን እንደ ተጣሉት ነበር። ሚስቱ ምግቡን ከድና ትጠብቃለች፤ እሱ ቆሞ አንድ ሁለት ጉርሻ ይልና ውሃ ይጠጣል። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል። ጫማ ሰፊው ቀዳዳውን ሲበሳለት፣ ጋሼ ቁልፌ፣ በዚህ ዓይነት በቁልፍ ቀዳዳ ትገባለህ አለው፤ ሁለቱም አልሳቁም።

በአንድ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኅትየዋ በሱቁ በኩል አለፈች። ከእስር ቤት ስትመለስ ነው፤ በእጇ ባዶ የምግብ ዕቃ ይዛለች። አልፋው ትሄዳለች ብሎ ሲያስብ ቆመች። እንዴት ነው ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረውም፤ እሷው ነገረችው። እዚያም ካውያ ሰጥተውታል፤ የጠባቂዎቹን ዩኒፎርም ይተኩሳል። እንደ እሱ አድርጎ ኮሌታ የሚያቆም የለም ይሉታል። ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ ኩራት የሚመስል ነገር መጣና ወዲያው በራሱ አፍሮ ሄደ።

"ይበላል?" አላት።

"በፊት እምቢ ብሎ ነበር። ዕቃውን እንደ ሞላ ይመልስልኝ ነበር።" ባዶውን ዕቃ ከፍ አድርጋ አሳየችው። "አሁን ይበላል፣ ጋሼ። ለምዶታል።"

ለምዶታል። እሷ ከሄደች በኋላ ጋሼ ቁልፌ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ቀረ። እስከዚያች ቀን ድረስ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ለራሱም ሳይናገር፣ አንድ ነገር ይጠብቅ ኖሯል። ይግባኝ፣ የመርማሪው ሕሊና፣ አንድ ሌላ ሰው የሆነ ቦታ አየሁ የሚል፤ ብቻ አንድ ነገር። ቆሞ የበላው የሚጠብቅ ሰው ስለ ነበር ነው። ያም እዚያ፣ ዕቃውን ሙሉ የመለሰው፣ ይጠብቅ ነበር። አሁን ሁለቱም የሚጠብቁት የለም። ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ሱቁን ዘጋ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሾርባውን አውርዳ ዳቦ ትቆርስ ነበር። ዛሬ በጊዜ ነው አለች፤ ቀና ስትል ፊቱን አይታ የቀረውን ተወችው። እጁን ታጠበ፤ ከጥፍሩ ሥር ያለውን የብረት ዱቄት ቀስ ብሎ አወጣ። ወደ መስኮቱ አልሄደም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እሷ ዳቦውን እንደያዘች ደንግጣ ቆመች፤ ከዚያ ሳህኑን ፊቱ አኖረችና ከማዶ ተቀመጠች።

በማንኪያው አንድ ጊዜ ቀመሰ። ሁለተኛም። ርቦታል፤ ብዙ ወር የተጠራቀመ ራብ ነበር። ሾርባው ጥሩ ነበር፤ ያሳፈረውም እሱ ነው። ዳቦውን ቆርሶ አጠቀሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፤ እንባው ሳህኑ ውስጥ ሲንጠባጠብ አልጠረገውም። ሚስቱ ዐይኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላ አብራው በላች።

ሳህኑ ሊጋመስ ሲል፣ "ጨው አቀብይኝ" አላት።

አቀበለችው።